ሃያ ድፍን ምስር

ቃለ ጉባኤ በመጻፍ ስመ ጥር ነበርኩ። አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን ይህ የዋዛ ሙያ አልነበረም። እኛ መምህራን ጠዋት እንሰበሰባለን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠዋት እንዴት እንደተሰበሰብን እንገማገማለን። ሰው አራት ሰዓት ሙሉ ሲጯጯህ ይውላል። አንዱ ብድግ ብሎ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ!» ይላል፣ ሌላው ረግጦ ይወጣል፣ ወንበር ይገለበጣል። ሁሉም ሲያበቃ እኔ ብዕሬን አነሳና «በአጀንዳው ላይ ሰፊና ጥልቅ ውይይት ተደርጎ የጋራ ግንዛቤ ተይዟል» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወንበሩን ማን እንደገለበጠው አይታወቅም። ሁሉ ነገር «ተደርጎ»፣ «ተይዞ»፣ «ተቀምጦ» ነው የሚያልቀው፤ አድራጊ የሚባል ፍጡር የለም። ርዕሰ መምህራችን ይህን ሲያነብ ፊቱ ይፈካል፣ «እጅህ ይባረክ!» ይለኛል። እኔም እጄ የተባረከ መስሎኝ ነበር።

መደበኛ ሥራዬ ግን የባዮሎጂ መምህርነት ነው። ማለትም ክፍል ውስጥ የተሰቀለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ያስተምራል፣ እኔ አበራዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኔ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አቀበት ሥር ነው፤ በዚያ አካባቢ መብራት የሚጠፋውን ያህል ካሰባችሁት ጥቂት ነገር ሳላስተምር አልቀረሁም። ላቦራቶሪም ነበረን። በውስጡ አንድ ክንዱ የጠፋ የፕላስቲክ አጽም፣ አፋቸው የተሸረፈ ብርጭቆዎች፣ እና ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ይገኛሉ። ከሦስቱ ሙሉ የነበሩት ጋሽ ዘለቀ ብቻ ናቸው።

ብርቱካን የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ዝምተኛ ናት፤ እጇን አውጥታ አታውቅም። እናቷ እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየጠረጉ፣ በጆንያ እየሞሉ፣ ቁልቁል አውርደው ለማገዶ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ እኔ አስተምሬ (እዩልኝ እንግዲህ፣ ከፕላዝማው ይልቅ እኔ ነኝ የቀሰቀስኳት ብዬ እኮራ ነበር) ከክፍል ስወጣ ተከተለችኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«እናቴ ጆንያ የምታሳርፍበት ቦታ ላይ ሣር አይበቅልም። እሷ ባሕር ዛፍ ምቀኛ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ በምኑ እንደሚመቀኝ ማወቅ ፈልጌ ሞከርኩት።»

ሞክራለች! ቤቷ ውስጥ፣ በሁለት ሳህንና በአንድ የድልህ ጣሳ። የደረቀውን ቅጠል ዘፍዝፋ፣ አንዱን ሳህን ምስር ንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን የቅጠሉን ውሃ አጠጥታ፣ አንዱ በቅሎ ሌላው እምቢ ማለቱን አራት ጊዜ ደጋግማ አይታዋለች። እኔ በመምህርነት ዘመኔ አንድም ነገር ሞክሬ አላውቅም። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ጎበዝ፣ በርቺ» አልኳት። ይቺን ለሁሉም ነው የምላት።

እንዳጋጣሚ በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቶች መካከል የሳይንስ ውድድር መጣ። አሸናፊው ተማሪ ክረምቱን በሙሉ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከተመራማሪዎች ጋር ይሠራል ተባለ። ብርቱካን ማይክሮስኮፕ ያየችው በፕላዝማው መስታወት ላይ ብቻ ነው። እናቷ «ክረምቱን ቅጠል ታግዘኛለች ብዬ ነበር፤ ካሸነፈች ግን ራጉኤል ያውቃል፣ ትሂድ፣ እኔ እችለዋለሁ» ብለዋል። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ስትነግረኝ ጫማዋን ነበር የምታየው።

የውድድሩ ደንብ አንድ ጠንከር ያለ ነገር ነበረው። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሙከራውን የአሠራር ቅደም ተከተል በጽሑፍ ይልካል፤ ዕጣ የደረሰው ሌላ ትምህርት ቤት ወረቀቱን ብቻ ይዞ ሙከራውን ይደግመዋል። ውጤቱ ከገጠመ ገጠመ። ካልገጠመ ደህና ሁኑ።

ብርቱካን አሠራሩን በደብተር ስድስት ገጽ ጽፋ አመጣችልኝ። ርዕሰ መምህሩ ገና ውፍረቱን ሲያይ ደነገጠ።

«ይሄ ምንድነው? ኑዛዜ ነው እንዴ? ማኅተም የሚያርፍበት አንድ ገጽ ነው የምፈልገው። አንተ አስተካክለው እንጂ፤ ለማን ልሰጠው?»

ለማን ይሰጠው እንግዲህ! ደብተሩን ይዤ መምህራን ማረፊያ ገባሁ፣ ሻይ አዘዝኩ፣ ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ይህን የምታነበው ሰው፣ እኔ አጠገብህ የለሁም። ስለዚህ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ።» ሳቄ መጣ። ይህ ደብዳቤ ነው እንጂ ሳይንስ ነው? ሻዩ ሳይደርስ ሰረዝኩት።

ቀጠልኩ። «ቅጠሉን ከመሬት ልቀም እንጂ ከዛፍ አትቁረጥ። ዝናብ የመታው አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ። በትንሹ የድልህ ጣሳ አምስት ለካ። ጣሳው ጡጫህን ስለማያስገባ በአውራ ጣትህ ጠቅጥቀው።» አውራ ጣት! ሰረዝኩ። «ሦስት ጣሳ ውሃ ጨምረህ ሦስት ቀን ዘፍዝፈው። ሽታው ይበረታል፣ ቤተሰብህ ይቆጣሃል፣ ታገሥ።» እየሳቅሁ ሰረዝኩ። «ምስር ስትገዛ ድፍን በል። ባለሱቁ ክክ ከሰጠህ መልስለት፤ ክክ አይበቅልም። ለየሳህኑ ሃያ ሃያ ቁጠር። አንድ በአንድ እያገላበጥክ እይ፣ የተሰነጠቀ ካለ ጣለውና ሌላ ተካ። ጠዋት ጠዋት ለአንዱ ሳህን አሥር ቆርኪ ንጹሕ ውሃ፣ ለሌላው አሥር ቆርኪ የቅጠል ውሃ ስጥ። ቆርኪዎቹን አታቀያይር።» የለስላሳ ቆርኪ በሳይንስ ውድድር! ስለ እኛ ትምህርት ቤት ምን ይባላል? መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ አለ፦ «በሰባተኛው ቀን ቁጠር። የቆጠርከውን ጻፍ እንጂ የፈለግከውን አትጻፍ።» ይቺን ሳነብ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋኝ ነበር። እሷንም ሰረዝኳት።

ከዚያ እኔ ጻፍኩ። ሳልደብቅ አስነብባችኋለሁ፦

«በሥራው ሂደት በቅድሚያ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲሰበሰብ ይደረጋል። በመቀጠልም በበቂ ውሃ ለተገቢው ጊዜ የመዘፍዘፍ ተግባር ይከናወናል። አስፈላጊው መጠን ያለው ምስር በሁለት ሳህኖች ላይ ተዘጋጅቶ፣ ሁለቱም ሳህኖች ከንጹሕ ውሃውም ሆነ ከቅጠሉ ውሃ ፍትሐዊና እኩል ተጠቃሚ የሚሆኑበት ሁኔታ ይመቻቻል። በመጨረሻም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ቀጣይ አቅጣጫ ይቀመጣል።»

ብድግ ብዬ ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። አጨበጨቡ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ! የታሪክ መምህሩማ «ፍትሐዊና እኩል ተጠቃሚ» የሚለውን ድገመው ብሎ አስደገመኝ። ጥግ ላይ ሻያቸውን የሚጠጡት ጋሽ ዘለቀ ብቻ አላጨበጨቡም።

«እንዲያው ልጄ፣ ይህን ወረቀት ሰጥተህ ሻይ አፍላ ብትለኝ አላፈላም» አሉ።

«ለምን ጋሽ ዘለቀ?»

«ስንት ብርጭቆ ነው? ስኳሩስ? “ይደረጋል” ይላል፣ “ይከናወናል” ይላል። ማነው የሚያደርገው?»

«ኧረ ጋሽ ዘለቀ፣ እሱ የአጻጻፍ ስልት ነው እኮ!»

«እሺ፣ ስልት ይሁን» ብለው ወደ ሻያቸው ተመለሱ። እኔ በልቤ ቅናት ነው አልኩ። የስድሳ ዓመት ሰው በእኔ ቃለ ጉባኤ ይቀናል ብዬ ያሰብኩ ሰው ነኝ፤ እንግዲህ የቀረውን ገምቱት።

ብርቱካንን ጠርቼ አሳየኋት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የሆነ የጠፋባትን ዕቃ የምትፈልግ ነው የሚመስለው።

«ቲቸር፣ ጣሳውስ?»

«“በቂ” ብለነዋል።»

«ድፍን የሚለውስ?»

«የኔ ልጅ፣ የሚሠሩት እኮ ሳይንስ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ክክ እንደማይበቅል ይጠፋቸዋል ብለሽ ነው?»

ወረቀቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እኩል ተጠቃሚ» የሚለው ላይ ነበር ያረፈችው። አየችኝና ጣቷን አነሳች።

«እሺ ቲቸር።»

ይቺ «እሺ» አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች። እኛ አገር ተማሪ መምህሩን ተሳስተዋል አይልም፤ እሺ ይላል። እኔም ያሳደጉኝ እንደዚያው ነው። ቢሆንም ልጅቷ አራት ጊዜ ሞክራዋለች፣ እኔ ዜሮ ጊዜ። ማናችን ነበር እሺ ማለት የነበረብን? ከወረቀቱ ግርጌ «አዘጋጅ፦ ተማሪ ብርቱካን» ብዬ ጻፍኩ፤ ደንቡ ያዛል። ርዕሰ መምህሩ ማኅተሙን ሁለት ቦታ አሳረፈበት፤ አንዱ ለጥንቃቄ ነው አለ።

ዕጣው ጉርድ ሾላ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ደረሰ። የዚያ የባዮሎጂ መምህርት ሶስና ይባላሉ፤ ቆፍጣና ሴት ናቸው። የሆነውን በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ወረቀቱ «ቅጠል» ስለሚል ተማሪዎቹ ከአጥራቸው ላይ ለምለም አረንጓዴ ቅጠል ቆረጡ። «በቂ ውሃ» ስለሚል አንድ ባልዲ ሞሉ፤ በዚያ ላይ እፍኝ ቅጠል በተኑ። «ተገቢው ጊዜ» ሲከራከሩበት ደወል ተደወለ፤ እንግዲያው ተገቢው ጊዜ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው ተባለ። ምስሩን አንዷ ከእናቷ ጓዳ አመጣች፤ ክክ ነው። «መምህርት፣ ይሄ አይበቅልም እኮ» ያለ ተማሪ ነበር አሉ። «እኔ ያልተጻፈውን ብጨምር ማጭበርበር ነው። የተጻፈውን ሥሩ!» አሉ መምህርቷ። ልክ ናቸው። ከዚያም «ፍትሐዊና እኩል ተጠቃሚ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁለቱንም ውሃ ለሁለቱም ሳህን እኩል አካፈሉ። ሌላ ምን ያድርጉ?

የውድድሩ ቀን መገናኛ አካባቢ አንድ አዳራሽ ተሰበሰብን። ዝናዬ ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ የዳኞቹ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ እንድሆን ተመረጥኩ። ከመድረኩ ጎን ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ የታሸገ ውሃ ተሰጠኝ፤ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ብርቱካን የታጠበ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ሁለቱን ሳህኖቿን ይዛ ቆማለች። በአንዱ ሃያ አረንጓዴ ቡቃያ ቀጥ ብሏል። በሌላው ሃያ ምስር እንደተቀመጠ አለ። ሰው መጥቶ አይቶ «አይ ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል።

ከዚያ መምህርት ሶስና ገቡ። እሳቸው ሳይታዩ ሽታው ደረሰ። ከፊት የተቀመጡት እንግዶች አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱ ውሃ አቀብሉ አለ፤ ያስመለሰው ሰው ያለ መስሎት ነው። ሁለቱ ሳህኖች ሲገለጡ ክኩ በስብሶ፣ ሻግቶ፣ አንድ ላይ ተጣብቆ የከረመ ወጥ መስሏል። በሁለቱም አንድም የበቀለ የለም። ሰው ሳቀ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ጊዜ ፈገግ ብዬ ነበር፤ የማን ጽሑፍ እንደሆነ እስከማስታውስ።

ሰብሳቢው ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወረቀቱን ጮክ ብለው አነበቡት። የታሪክ መምህሩ ያጨበጨበለት ዓረፍተ ነገር በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ብርቱካን ማናት?»

«አቤት።»

«ይህን አሠራር የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛዬን፣ ብዕሬን፣ የታሸገውን ውሃዬን አየች። የምነሳ መስሏት ትንሽ ጠበቀች። ጉልበቴ ነው የከዳኝ ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ ጉልበቴ ደህና ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ሥራሽ ጥሩ ይመስላል፣ ልጄ። ግን ሌላ ሰው ሊደግመው ያልቻለውን ምን ብለን እንቀበለው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ይያዝልን።»

ያዝኩት። «አሠራሩን ራሷ መጻፏን አዘጋጇ አረጋግጣለች» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። አንደኛ የወጣው የድንች ባትሪ የሠራ ልጅ ነው። አሠራሩ ሲነበብ ሰማሁት፦ «ሁለት ድንች፣ አንድ ሚስማር፣ አንድ የመዳብ ሽቦ» ይላል። ምንም ስልት የለውም።

ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በታክሲ ስንመለስ ሳህኖቿን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያሉ እናት አጎንብሰው አዩና «ውይ፣ የኔ ልጅ፣ ምስሩ ተበላሸብሽ እኮ!» አሏት። «አዎ» አለቻቸው። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አያለሁ። የታክሲዋን እከፍላለሁ ብዬ ተሯሯጥኩ፤ የቻልኩት ጀግንነት ያ ብቻ ነበር።

ደብተሯ እኔ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አንድ ሳምንት ሳላየው አልፌ፣ በኋላ እስቲ ብዬ አወጣሁት። ከቀዩ እስክሪብቶ ሥር ያለውን እያነበብኩ አንድ በአንድ ሠራሁ። ባለሱቃችንን ምስር ስጠኝ ስለው ክክ መዘነልኝ፤ ልጅቷ እንዳለችው መለስኩለት። ጡጫዬ ጣሳው ውስጥ አልገባ ሲል በአውራ ጣቴ ጠቀጠቅኩ። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ መጣች።

«ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ!»

«ታገሺ ይላል።»

«ማነው ታገሺ የሚለኝ?»

«ደብተሩ።»

ቅጠሉን ከዘፈዘፍኩበት ባልዲ ጋር በረንዳ ላይ ተወረወርን። በሰባተኛው ቀን ቆጠርኩ። በንጹሕ ውሃው አሥራ ዘጠኝ በቅሏል፤ በቅጠሉ ውሃ ዜሮ። ሳህኖቹን ታቅፌ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በሩጫ ገባሁ።

«ይሠራል! ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንጻፍላቸው።»

«ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ፣ ማኅተም አርፎበት ተልኳል» አለኝ። «ደግሞ ምን ብለን? አንተው አይደለህ እንዴ “በውጤቱ ላይ የጋራ ግንዛቤ ተይዟል” ብለህ የዘጋኸው?»

ለካ ብያለሁ። ከልማድ የተነሳ እጄ ብቻዋን ነው የጻፈችው።

ክረምቱ ሲገባ ደብተሩን ልመልስ አቀበቱን ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ አወለቀብኝ። «የብርቱካን ቤት የቱ ጋ ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ከፍ ብለህ ባሕር ዛፉ ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይሉኛል። እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ጋ! ተራራው ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ «በቂ ውሃ» ብሎ ለጻፈ ሰው የሚገባው አቅጣጫ ነበር። በመጨረሻ ራሳቸው ቁልቁል ሲመጡ አገኘኋቸው፤ እናቷ ጆንያ አዝለው ከፊት፣ እሷ ጆንያ አዝላ ከኋላ።

«እንዴ መምህር! ምነው በዚህ ዝናብ?» አሉ እናቷ።

መንገድ ላይ ሳጠናው የመጣሁትን ይቅርታ ጀመርኩ። «በሥራው ሂደት ለተፈጠረው ክፍተት...» ስል እናቷ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩ። ይቅርታውን ትቼ «እንደጻፍሽው ሠራሁት» አልኩና ደብተሩን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም፤ ሁለቱም እጆቿ ገመዱን ይዘዋል።

«ሠሩት እንዴ ቲቸር?» ዓይኗ በራ። «ስንት በቀለ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«አንዱስ?»

«አንዱ... እንጃ፣ እምቢ አለ።»

«እያገላበጡ አይተውት ነበር?»

አላየሁም ነበር። ሃያ ቆጥሬ እንደ ጥሬ ነው የበተንኩት። ከፊቴ ገባት።

«የተሰነጠቀ ሳይሆን አይቀርም» አለች፣ እኔን ለማጽናናት ይመስል። «ደብተሩ እርስዎ ጋ ይቆይ ቲቸር። ሃያውም ሲበቅል ይመልሱልኛል።» ከዚያ ጆንያዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እናቷን ተከትላ ወረደች።

ሃያው በሦስተኛው ሙከራዬ በቀለ። ደብተሩን ግን ይዤ መውጣት አቃተኝ፤ ሃያ ምስር ስላበቀልኩ ያ ክረምት አይመለስላትም። እስካሁን እኔ ጋ ነው። አልፎ አልፎ አወጣና የመጀመሪያውን መስመር በቀዩ ሥር አነባለሁ፦ አጠገብህ የለሁም፣ ስለዚህ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከእሷ የራቅኩት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

ጋሽ ዘለቀ ማነው የሚያደርገው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዘግይቻለሁ፣ ማኅተምም የለኝም፤ ቢሆንም እዚህ ይያዝልኝ። ያንን ወረቀት ብርቱካን አልጻፈችውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።